በትንፋሽ የሚመላለስን ዕጢ አማካይ ቦታ ማግኘት፦ ባለ አራት ልኬት የኮን ቢም ሲቲ በአምስተርዳም

በሳንባ ካንሰር ምክንያት የጨረር ሕክምና የሚወስድ ሰው አልጋው ላይ ሳይነቃነቅ ሊተኛ ይችላል፤ መተንፈሱን ግን ሊያቆም አይችልም። ሳንባው በሞላና በጎደለ ቁጥር በውስጡ ያለው ዕጢ አብሮ ይመላለሳል። በሳንባው የታችኛው ክፍል፣ ከድያፍራም አጠገብ የሚገኝ ዕጢ ከሆነ ከላይ ወደ ታች 1 ሴንቲ ሜትር፣ በአንዳንድ ሰዎች ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊጓዝ ይችላል። ጨረሩ ከዕጢው ከሳተ ካንሰሩ በቂ መጠን ሳያገኝ ይቀራል። ሳይስት እንዲቀር ተብሎ የጨረሩ ስፋት ከተጨመረ ደግሞ ጤነኛው የሳንባ ክፍል ይጎዳል፤ ብዙዎቹ ታካሚዎች በማጨስና በዕድሜ ምክንያት ሳንባቸው አስቀድሞ የተዳከመ በመሆኑ ይህ ጉዳት ቀላል አይደለም።

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚመለከተው በአምስተርዳም የሚገኘው የኔዘርላንድስ የካንሰር ኢንስቲትዩትና ከእርሱ ጋር አንድ የሆነው የአንቶኒ ቫን ሌወንሁክ ሆስፒታል ይህን ችግር እንዴት እንደፈቱት ነው። የሥራው ዋና ዘመን ከ2004 እስከ 2009 ያለው ሲሆን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ጉዳዩን የመረጥሁት ያገኙት ምስል ከሁሉ የጠራ ስለነበረ አይደለም፤ እንዲያውም ምስላቸው ከተለመደው ይልቅ ረብሻ (ምስሉን የሚያጎድፍ ነጠብጣብ) የበዛበት ነበር። የመረጥሁት ከምስሉ ምን መለካት እንዳለበት አስቀድመው በትክክል ስለለዩ ነው። ስለ እንቅስቃሴ ምስል የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የምስል ጥራትን እንደ ግብ ሲያይ፣ እነርሱ ግብ ያደረጉት የዕጢውን የዕለቱን አማካይ ቦታ ነበር።

የነበረው መሣሪያ

የጨረር ሕክምና በሚሰጥበት ሊኒየር አክስለሬተር ላይ የሲቲ ምስል ማንሻ መግጠም የተጀመረው በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። በሚሺጋን በሚገኘው የዊልያም ቦሞንት ሆስፒታል ዴቪድ ጃፍሬይና ባልደረቦቹ በ2002 ያወጡት ሥራ የዚህ መሣሪያ መሠረት ሆነ። ከሕክምናው ጨረር አቅጣጫ በ90 ዲግሪ ርቀት አንድ የራጅ ቱቦና ፊት ለፊቱ አንድ ጠፍጣፋ የምስል መቀበያ ይገጠማል፤ የማሽኑ ክንድ በታካሚው ዙሪያ ሲዞር በመቶዎች የሚቆጠሩ የራጅ ምስሎች ይነሣሉ፤ ኮምፒዩተሩም ከእነዚህ ጠፍጣፋ ምስሎች ባለ ሦስት ልኬት የሰውነት ምስል ይገነባል። የራጁ ጨረር እንደ ሾጣጣ ስለሚሰፋ ዘዴው ኮን ቢም ሲቲ ተባለ። ለግንባታው የሚያገለግለው መሠረታዊ ስሌት ፌልድካምፕ፣ ዴቪስና ክረስ በ1984 ያወጡት ሲሆን እስከ ዛሬ በሥራ ላይ አለ።

ችግሩ ፍጥነቱ ላይ ነበር። በራጅ ክፍል ያለው የሲቲ ማሽን አንዱን ዙር ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። የሊኒየር አክስለሬተር ክንድ ግን ብዙ ኪሎ ግራም የሚመዝንና ከታካሚው ሰውነት አጠገብ የሚያልፍ በመሆኑ ለደህንነት ሲባል አንድ ሙሉ ዙር ለማጠናቀቅ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ሰው አንዴ ለመተንፈስ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ የሚፈጅበት ከሆነ በአንዱ ዙር ውስጥ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል ማለት ነው። ስለዚህ ምስሎቹ ሁሉ ተደባልቀው ሲገነቡ ዕጢው ጠርዙ የፈዘዘ፣ በትንፋሹ አቅጣጫ የተጎተተ ጥላ ሆኖ ይታያል፤ በትንሹ ጊዜ ብቻ የሚደርስበት ጫፍ ደግሞ ከነጭራሹ ላይታይ ይችላል።

ሕክምናው የሚታቀድበት የሲቲ ማሽን ይህን ችግር በ2003 አካባቢ አልፎት ነበር። አልጋው ቀስ እያለ ሲገባ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ አንድ ሙሉ ትንፋሽ እስኪያልፍ ድረስ ደጋግሞ ማንሣትና በኋላ በትንፋሽ ደረጃ መደልደል ይቻላል። በኮን ቢም ሲቲ ግን መላው ደረት በአንድ ዝግተኛ ዙር የሚነሣ ስለሆነ ያ መንገድ እንዳለ ሊወሰድ አልቻለም።

ምልክቱን ከራሱ ከምስሉ ማውጣት

የአምስተርዳሙ ቡድን፣ ማለትም ያን-ያኮብ ሶንከ፣ ላምበርት ዛይፕ፣ ፔተር ሬማይየርና ማርሴል ቫን ሄርክ፣ በ2005 ያሳተሙት ዘዴ በቀላል ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ምስሉን ከገነቡ በኋላ ለማስተካከል ከመድከም ይልቅ ከግንባታው በፊት የራጅ ምስሎቹን በትንፋሽ ደረጃቸው መደልደል ነው። ምስሎቹ በ10 የትንፋሽ ደረጃዎች ተከፍለው እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ሲገነባ 10 ባለ ሦስት ልኬት ምስሎች ይገኛሉ፤ እነርሱ በተርታ ሲታዩ የታካሚው አንድ አማካይ ትንፋሽ ይሆናሉ። አራተኛው ልኬት የተባለው ይህ የትንፋሽ ሂደት ነው።

ለመደልደል ግን እያንዳንዱ የራጅ ምስል በየትኛው የትንፋሽ ደረጃ እንደተነሣ ማወቅ ያስፈልጋል። በጊዜው የነበሩት አማራጮች በሆድ ላይ ቀበቶ ማሰር፣ በደረት ላይ አንጸባራቂ ነገር አስቀምጦ በካሜራ መከታተል፣ ወይም በዕጢው አጠገብ ትንሽ የወርቅ ምልክት መትከል ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚያሳዩት የሰውነትን ገጽታ እንጂ የውስጡን እንቅስቃሴ አይደለም፤ ሦስተኛው ደግሞ መርፌ ሳንባን ወግቶ አየር ወደ ደረት ክፍተት እንዲገባ ሊያደርግ ይችላል። ዛይፕ፣ ሶንከና ቫን ሄርክ በ2004 ያቀረቡት መፍትሔ ምልክቱን ከራጅ ምስሎቹ ውስጥ ማውጣት ነበር። በእያንዳንዱ ምስል ላይ ከላይ ወደ ታች በሚወስደው አቅጣጫ ብሩህነቱ በድንገት የሚቀየርባቸው ቦታዎች፣ በተለይም የድያፍራም ጠርዝ፣ በማጣሪያ እንዲጎሉ ይደረጋል። ቀጥሎ ምስሉ በአግድም ተደምሮ ወደ አንድ ቀጭን ቋሚ መስመር ይጨመቃል። እነዚህ መስመሮች በተነሡበት ቅደም ተከተል ጎን ለጎን ሲደረደሩ ትንፋሹ እንደ ማዕበል ወጣ ገባ እያለ በግልጽ ይታያል። ባለሙያዎች ይህን ምስል «አምስተርዳም ሽራውድ» ይሉታል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም በዕለት ሥራ ላይ የሚታይ ነው። ምልክቱና ምስሉ ከአንድ ምንጭ ስለሚወጡ በመካከላቸው የጊዜ መዛነፍ አይኖርም፤ ለታካሚው የሚታሰርለት ነገር የለም፤ ለቴክኒሻኑም የሚጨመርበት የዝግጅት ሥራ የለም። አንድ አዲስ ዘዴ ከምርምር ክፍል ወጥቶ ወደ ታካሚው ሳይደርስ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ በስሌቱ ድክመት ሳይሆን በእነዚህ ትንንሽ የሥራ ጫናዎች ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ዋጋ ግን አስከፍሏል። ምስሎቹ ለ10 ሲካፈሉ እያንዳንዱ ደረጃ የሚደርሰው ከጠቅላላው አንድ አሥረኛው ብቻ ነው። የራጅ ረብሻ ከምስሎቹ ብዛት ጋር በካሬ ሥር ስለሚቀንስ፣ በ10 ሲካፈል ጥራቱ በ3.2 እጥፍ ገደማ ይወርዳል ተብሎ ይጠበቃል። ቡድኑ የለካውም የዕጢው ንጽጽር ከረብሻው ጋር ያለው ምጣኔ ከ2.6 እስከ 3.7 እጥፍ መውረዱን ነው፤ ልኬቱ ከስሌቱ ጋር የሚስማማ ነው።

ከረብሻው የባሰው በምስሉ ላይ እንደ መስመር የሚታየው ጭረት ነው። በአንዱ ደረጃ ውስጥ የሚወድቁት ምስሎች በእያንዳንዱ ትንፋሽ አንድ አንድ ጊዜ በጥቅል ስለሚነሡ በጥቅሎቹ መካከል ምንም ያልታየበት ማዕዘን ይቀራል። ክንዱ 200 ዲግሪ በ1 ደቂቃ ቢዞርና ታካሚው በየ4 ሰከንዱ ቢተነፍስ 15 ጥቅሎች ብቻ ይኖራሉ፤ በመካከላቸውም ከ13 ዲግሪ በላይ ክፍተት ይቀራል። ያው ዙር በ4 ደቂቃ ቢጠናቀቅ ግን ትንፋሾቹ 60 ይሆናሉ፤ ክፍተቱም ወደ 3.3 ዲግሪ ይወርዳል። በሰከንድ 5.5 ምስል የሚያነሣ መሣሪያ በ4 ደቂቃ 1320 ምስል ይሰበስባል፤ ለእያንዳንዱ ደረጃም 132 ይደርሰዋል። የባለ አራት ልኬቱ ምርመራ 4 ደቂቃ ያህል እንዲፈጅ ያደረገው ይህ ሒሳብ ነው፤ በሕክምናው ክፍል ውስጥ ግን 4 ደቂቃ ረጅም ጊዜ ነው።

ትክክለኛነቱ የተፈተነው በሚንቀሳቀስ ሉላዊ የሙከራ አካል ነበር። ሉሉ በ3 እና በ5 ሰከንድ ዑደት እንዲንቀሳቀስ ተደርጎ በባለ አራት ልኬቱ ምስል የተገኘው ቦታ በቀጥታ ራጅ ከታየው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ በመደበኛ እንቅስቃሴ በአማካይ 0.13 ሚሊ ሜትር፣ በተዛባ እንቅስቃሴ ደግሞ 0.39 ሚሊ ሜትር ሆነ። በሦስት የሳንባ ካንሰር ታካሚዎች ላይ የታየውም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነበር። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ከረብሻው ቁጥር ጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ምስሉ በሦስት እጥፍ ገደማ ቢጎዳም የቦታው ልኬት ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ስህተት ብቻ ነበረበት።

የትኛው እንቅስቃሴ ነው የሚጎዳው?

ወደ ጉዳዩ እምብርት የምንገባው እዚህ ላይ ነው። በዕጢው ዙሪያ የሚሰጠው የጥንቃቄ ህዳግ ሁለት ዓይነት ስህተትን ይሸፍናል። አንደኛው ቋሚ ስህተት ነው፤ በዕቅዱ ቀን የተፈጠረና በየሕክምናው ዙር በአንድ አቅጣጫ የሚደጋገም ነው። ሁለተኛው ተለዋዋጭ ስህተት ነው፤ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላል። ቫን ሄርክ በ2000 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ታዋቂ ቀመር መሠረት የሚያስፈልገው ህዳግ በግምት የቋሚው ስህተት መደበኛ ልይይት (ልኬቶቹ ከአማካያቸው በተለምዶ የሚርቁበት መጠን) በ2.5 ተባዝቶ፣ የተለዋዋጩ በ0.7 ተባዝቶ የሁለቱ ድምር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተለዋዋጩ ስህተት የጨረሩን ጠርዝ ጥቂት ያደበዝዘዋል፣ ቋሚው ግን ጨረሩን በሙሉ ከቦታው ያነሣዋል።

ትንፋሽ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ከተለዋዋጩ ወገን ነው። በሳንባ ውስጥ ጨረሩ ራሱ ሰፊና ዘርዘር ያለ ጠርዝ አለው፤ የዚያ ጠርዝ ልይይት 6.4 ሚሊ ሜትር ያህል ተደርጎ ይወሰዳል። ጫፍ ለጫፍ 10 ሚሊ ሜትር የሚመላለስ ዕጢ የእንቅስቃሴው ልይይት 3.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ የሚደመሩት በካሬያቸው በመሆኑ ውጤቱ 7.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መጠኑ በ80 በመቶው መስመር ላይ ለሚታዘዝ የስቴሪዮታክቲክ ሕክምና (በጥቂት ዙር ከፍተኛ ጨረር በትንሽ ቦታ ላይ የሚሰጥበት) ከ6.4 ወደ 7.3 ያለው ጭማሪ በ0.84 ሲባዛ ለትንፋሹ ብቻ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ህዳግ 0.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ይገኛል። እንቅስቃሴው 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን እንኳ ጭማሪው ወደ 2.7 ሚሊ ሜትር ነው። ዕጢው የሚደርስበትን ቦታ ሁሉ አቅፎ በሚስለው የተለመደ አሠራር ግን ለ20 ሚሊ ሜትሩ እንቅስቃሴ በላይና በታች 10፣ 10 ሚሊ ሜትር ይጨመር ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ ዕጢው ከአከርካሪ አጥንት አንጻር ያለው አማካይ ቦታ ከቀን ቀን ይቀያየራል። በዕቅዱ ቀን የተጨነቀ ታካሚ በሕክምናው ቀን ረጋ ብሎ ይተነፍሳል፤ ተዘግቶ የነበረ የሳንባ ክፍል ይከፈታል፤ በደረት ውስጥ ፈሳሽ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ሶንከ፣ ለቤስክና ቫን ሄርክ በ2008 ይህን ሲለኩ የዕጢው የጉዞ ቅርጽ ከቀን ወደ ቀን የሚለዋወጠው በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ፣ አማካይ ቦታው ግን ከላይ ወደ ታች ባለው አቅጣጫ ወደ 4 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ቋሚ ልይይት እንዳለው አገኙ። አራቱን በ2.5 ብናባዛ 10 ሚሊ ሜትር ህዳግ ይመጣል። ይህ ማለት ታካሚውን በአጥንቱ ብቻ አስተካክሎ ማከም ከትንፋሹ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ህዳግ ይጠይቃል ማለት ነው።

ዓይን የሚስበው ትንፋሹ ነው፤ ቢሆንም ብዙውን ጤነኛ ሳንባ የሚያስከፍለው የማይታየው የአማካይ ቦታ ሽግሽግ ሆኖ ተገኘ። ይህ ከተረዳ በኋላ ጨረሩን በትንፋሽ እያበሩ ማጥፋት ወይም ዕጢውን እየተከተሉ መተኮስ ለአብዛኛው ታካሚ የግድ አይሆንም። ዕቅዱ ዕጢው በአማካይ ቦታው አጠገብ በሚገኝበት የትንፋሽ ደረጃ ላይ ይሠራል፤ ይህን የዕቅድ ስልት በዚያው ተቋም ዮኸም ዎልትሃውስና ባልደረቦቹ አዳብረውታል። ከዚያ በየዙሩ የዕለቱ አማካይ ቦታ ይለካል፣ አልጋውም በዚያ ልክ ይንቀሳቀሳል።

በታካሚዎች ላይ

በ2009 የታተመው የቡድኑ ሪፖርት በሳንባ ዳርቻ ላይ ትንንሽ ዕጢ የነበራቸውን 65 ታካሚዎች ይመለከታል። የታዘዘላቸው 54 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) በሦስት ዙር ነበር። በአንድ ዙር 18 ግሬይ ሲሰጥ በሚቀጥለው ቀን የሚታረም ነገር ብዙ አይኖርም፤ እያንዳንዱ ዙር በራሱ ትክክል መሆን አለበት። ከዚያ በፊት እንዲህ ላለው ሕክምና የታካሚው ሰውነት በጠንካራ ክፈፍ ይያዝ ነበር፤ በዚህ ጥናት ግን ክፈፉ ቀረ።

አሠራሩ በቅደም ተከተል የሚከተለውን ይመስላል። ታካሚው ከተኛ በኋላ የባለ አራት ልኬት ምርመራ ይነሣል። ሶፍትዌሩ በመጀመሪያ የዕለቱን አከርካሪ ከዕቅዱ አከርካሪ ጋር ያጋጥማል። ቀጥሎ በዕጢው ዙሪያ ብቻ የተከለለውን ክፍል ወስዶ በ10ሩም ደረጃዎች ላይ ዕጢውን ለየብቻ ያጋጥማል፤ በዚህም 10 ቦታዎች ይገኛሉ። የእነርሱ አማካይ የዕለቱ የዕጢ ቦታ ነው። እዚህ ላይ የረብሻው ጉዳይ ለምን እንዳላሸነፋቸው ይታያል፤ ማጋጠሙ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ የምስል ነጥቦችን በአንድነት ስለሚጠቀም፣ ውጤቱም ደግሞ የ10 ልኬት አማካይ ስለሆነ የእያንዳንዱ ምስል ጉድለት በብዙው ይጣፋል። ሐኪም በዓይኑ አይቶ የማይወደው ምስል ለልኬቱ ግን በቂ ነበር።

አልጋው ከተስተካከለ በኋላ ሁለተኛ ምርመራ ተነሥቶ ማስተካከያው በትክክል መፈጸሙ ይረጋገጣል። ሕክምናው ካለቀ በኋላም ሦስተኛ ምርመራ ይነሣል፤ ዓላማው ታካሚው በሕክምናው ጊዜ ምን ያህል እንደተንሸራተተ ማወቅ ነው። ይህ የመጨረሻው ምርመራ ለዚያ ታካሚ ለዚያ ዙር የሚጨምረው ነገር የለም፤ ለሚቀጥለው ታካሚ የሚያስፈልገውን ህዳግ ለማስላት ግን ከእርሱ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ህዳጋቸውን ከሌላ ሰው ጽሑፍ ሳይወስዱ በራሳቸው አልጋ ላይ ለክተው ማውጣታቸው ከሥራቸው ሁሉ በጣም የማከብረው ክፍል ነው።

አንድ አደጋ ግን በዚህ መንገድ ይፈጠራል። አልጋው ዕጢውን ተከትሎ ሲንቀሳቀስ አከርካሪው ከዕቅዱ ቦታ ይወጣል። በዕጢውና በአጥንቱ መካከል ያለው ሽግሽግ ትልቅ ከሆነ ኅብለ ሠረሰር ወይም ሌላ ጥንቃቄ የሚሻ አካል ከፍተኛ ጨረር ወዳለበት ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም ማጋጠሞች በአንድ ገጽ ጎን ለጎን እየታዩ ልዩነታቸው ከተወሰነ ገደብ ካለፈ ሕክምናው ሳይጀመር ሐኪሙ እንዲወስን ይደረጋል። ዘዴው በኋላ የኤሌክታ ኩባንያ «ሲሜትሪ» በሚል ስም ለገበያ ባቀረበው ሥርዓት ውስጥ ገብቶ በብዙ አገሮች በሥራ ላይ ውሏል።

ያልተፈታው

ዘዴው የሚሰጠው የ4 ደቂቃ አማካይ ትንፋሽን ነው። ታካሚው በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ቢያስል፣ ትንፋሹ ቢያጥርና ቢረዝም፣ ወይም ጡንቻው እየላላ ሲሄድ የትንፋሹ መሠረት ቢወርድ፣ በአንድ ደረጃ የተደለደሉት ምስሎች በእርግጥ አንድ ዓይነት አይሆኑም። ቡድኑ ራሱ በ2005 የትንፋሽ መዛባት የምስሉን ጥራት በእጅጉ እንደሚጎዳ ጽፏል። ሳንባቸው በጣም የተዳከመው፣ ትንሽ ህዳግ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች ትንፋሻቸው ከሁሉ የተዛባው መሆናቸው ያሳስበኛል።

የመሻሻሉ ሥራ በሁለት መንገድ ሄደ። የመጀመሪያው ያው ተቋም የቀጠለበት ነው። ሲሞን ሪት፣ ዎልትሃውስ፣ ቫን ሄርክና ሶንከ በ2009 ባወጡት ሥራ የታካሚው እንቅስቃሴ ከዕቅዱ ሲቲ አስቀድሞ ይሰላል፤ ከዚያ ኮምፒዩተሩ ምስሉን ሲገነባ እያንዳንዱን የራጅ ምስል በዚያ እንቅስቃሴ ልክ እያጠፈ ያስገባዋል። እንዲህ ሲሆን መደልደል አያስፈልግም፤ ምስሎቹ ሁሉ ለአንድ ምስል ስለሚውሉ ረብሻውና ጭረቱ ይቀንሳል፤ ስሌቱም ምርመራው እየተካሄደ እያለ ሊሄድ ይችላል። ድክመቱ የዕለቱ እንቅስቃሴ ከዕቅዱ ቀን እንቅስቃሴ ጋር ይመሳሰላል ብሎ መነሣቱ ነው። የጉዞው ቅርጽ በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይለዋወጣል የተባለው ልኬት ለብዙዎቹ ታካሚዎች ይህን ግምት ይደግፈዋል፤ ለሁሉም ግን አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ከጥቂት ምስሎች ብዙ ማውጣት ነው። በ2006 የታወቀው የተጨመቀ ናሙና ስሌት በ2008 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ወደ ሲቲ ሲመጣ፣ ከሁሉም ምስሎች የተገነባው ደብዛዛ ምስል እንደ መነሻ ተወስዶ የየደረጃው ልዩነት ብቻ በጥቂት ምስሎች እንዲታረም ተደረገ። ውጤቱ ለዓይን ያማረ ነው። ሆኖም መነሻው ምስል በጣም ከተጫነ ዕጢው ካለበት ቦታ ይልቅ ወደ ደብዛዛው አማካይ የተጎተተ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ጥራቱ ስህተቱን ይሸፍነዋል ማለት ነው። በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የተመራውና በ2019 ውጤቱ የታተመው «ስፔር» የተባለው ውድድር ለዚህ ጥሩ መለኪያ አቀረበ። አምስት ቡድኖች የ1 ደቂቃ ምርመራ ብቻ ተሰጥቷቸው ምስል እንዲገነቡ ተጠየቁ፤ ከቀረቡት መረጃዎች ብዙዎቹ እውነተኛው መልስ በሚታወቅበት አስመስሎ ስሌት የተዘጋጁ ስለነበሩ የተገነባው ምስል ውበት ብቻ ሳይሆን የዕጢው ቦታም ሊመዘን ቻለ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የማሽኑን ክንድ ፍጥነትና የራጁን ቅጽበት ከታካሚው ትንፋሽ ጋር እያስማሙ ምስሎቹ በየማዕዘኑ እኩል እንዲሰራጩ የማድረግ ሥራም ተሠርቷል፤ ይህ ጭረቱን ከምንጩ የሚነካ ስለሆነ ከስሌት ብቻ የተሻለ ተስፋ ይታየኛል።

በኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል በ2017 የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች የታከሙበት ባለ 1.5 ቴስላ ኤምአርአይ የተገጠመለት ሊኒየር አክስለሬተር ከዚህ ሁሉ የተለየ መንገድ ነው። ጨረሩ እየተሰጠ እያለ እንቅስቃሴውን ማየት ያስችላል፤ ተጨማሪ የራጅ ጨረርም የለውም። ነገር ግን ሳንባ አብዛኛው አየር በመሆኑ ለኤምአርአይ የሚሰጠው ምልክት ደካማ ነው፤ መላውን ደረት በሦስት ልኬት በፍጥነት ማንሣትም ገና ከባድ ነው። በመሣሪያው ዋጋ ምክንያት አብዛኛው የሳንባ ታካሚ ለብዙ ዓመታት የሚታከመው በተለመደው ማሽንና በኮን ቢም ሲቲ እንደሚሆን እገምታለሁ።

አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡ ባለ አራት ልኬት ምስሎች በብዛት እየወጡ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርቡት ከእውነተኛው ምስል ጋር ያላቸውን መመሳሰል በሚለካ ቁጥር ነው። ከአምስተርዳሙ ሥራ አንጻር ስመለከተው ሪፖርቶቹ ሁለት ነገሮችን ለይተው ቢያቀርቡ ይጠቅማል፦ በምስሉ የተገኘው የዕጢ አማካይ ቦታ ከእውነተኛው በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ፣ እንዲሁም ይህ ርቀት ትንፋሻቸው በተዛባ ታካሚዎች ላይ ለብቻው ሲለካ ስንት እንደሆነ። በ2005 የቀረበው የ0.13 እና የ0.39 ሚሊ ሜትር ልኬት እነዚህን ሁለቱን ለያይቶ የያዘ በመሆኑ አዲሱ ዘዴ ቢያንስ በዚያው የሙከራ አካል፣ በዚያው የተዛባ እንቅስቃሴ ተፈትኖ ቁጥሩን ጎን ለጎን ሊያስቀምጥ ይችላል።